ኤክስ ኤፍ ኤስ ለትልቅ ማከማቻ፦ ከ16 ቴራ በላይ ለምታስቡ

ኤክስ ኤፍ ኤስ በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት) ላይ ፋይሎች ዲስክ ውስጥ የሚደራጁበት አንዱ ዘዴ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ እንሠራለን። ጥር ሲገባ ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ሰርግ በሰርግ ነው። ካሜራችን በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ስለሚቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ካሜራው ደግሞ ሁለት ነው።

ጥሬውን ቪዲዮ አናጠፋም። በቅርቡ አንዲት እናት መጥተው "ልጄ፣ ባለቤቴ ዐረፈ። ልጃችንን ሲመርቅ የቀረጻችሁት ይኖራል?" አሉኝ። ነበረ። ከፍቼ ሳሳያቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩት። በማከማቻ ጉዳይ ቀልድ የማላውቀው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የነበረን አራት ባለ 8 ቴራ ዲስክ ነው፤ በሬድ 6 (የሁለት ዲስክ ቦታ ለመጠባበቂያ ስለሚይዝ ሁለት ዲስክ ቢበላሽም ዕቃው አይጠፋም)፣ በኤክስት ፎር (ሌላው የሊኑክስ ፋይል ማደራጃ ዘዴ)። ያዋቀረልን ባለሙያ የተጠቀመው በጣም የቆየ ሊኑክስ ነበር። ሁለት ዲስክ ጨምረን ወደ 32 ቴራ ላሳድገው ስል 16 ላይ አልሄድም አለ። ምክንያቱ ቁጥር ነው። ኤክስት ፎር ቦታውን በ4 ኪሎባይት ብሎክ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። በድሮው አሠራር ቁጥሩ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ጣሪያው 16 ቴራ ነው። ከ2016 ወዲህ ያለው መሣሪያ ሲፎርማት ራሱ 64 ቢት ያደርገዋል፤ ዛሬ በአዲስ ሊኑክስ የሚጀምር ሰው ይሄ አያገኘውም። የድሮውንም መቀየር ይቻላል፣ ግን ማከማቻውን ዘግቶ ነው። እኔ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ በኤክስ ኤፍ ኤስ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

በጣም ወድጄዋለሁ። 32 ቴራውን ፎርማት ሲያደርግ ቡና እንኳን አልተቀዳም። ዲስክ ሲጨመር ኤዲተሮቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ያድጋል። ትልልቅ ፋይል መጻፍና ማጥፋት ላይ ፈጣን ነው። መብራት ድንገት ሲሄድም ጆርናሉን (የጀመረውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበትን ማስታወሻ) አንብቦ ይነሳል። በእርግጥ ይሄን ኤክስት ፎርም ያደርገዋል፤ ለሁለቱም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ያስፈልጋል። ጣሪያው ደግሞ ሩቅ ነው፤ የሊኑክስ አቅራቢው ሬድ ሃት በ8ኛው እትሙ ኤክስት ፎርን እስከ 50 ቴራ፣ ኤክስ ኤፍ ኤስን እስከ 1 ፔታ (ወደ 1,000 ቴራ) ድረስ ይደግፋል።

ትልቁ ጉድለቱ መጥበብ አለመቻሉ ነው። አንዴ ካሰፋችሁት መልሳችሁ አታሳንሱትም፤ ገልብጦ እንደገና መፎርማት ነው። ስለዚህ እኔ ቦታውን በሙሉ ባንዴ አልሰጠሁትም፤ በኤል ቪ ኤም (የዲስክን ቦታ ከፋፍሎ በኋላ ማስፋት የሚያስችል መሣሪያ) ከፍዬ ጥቂት አስቀርቻለሁ። ሲበላሽ መጠገኛውም ብዙ ራም ይፈልጋል፤ በደካማ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ማከማቻ አትሥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። "4 ቴራ ገዝቼ 2 ብቻ ያሳየኛል፣ ሻጩ ሸወደኝ" የሚሉ ደንበኞች አሉ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው፤ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍፍል) የተሠራው በድሮው የክፍፍል ሰንጠረዥ በኤም ቢ አር ነው። እሱ የሚቆጥረው ባለ 512 ባይት ሴክተርን (የዲስኩን ትንሿን ቁራሽ) በ32 ቢት ስለሆነ ከ2 ቴራ አያልፍም። በአዲሱ ሰንጠረዥ ጂ ፒ ቲ አድርጉት። ይሄ ግን ዲስኩ ባዶ እያለ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ዕቃ ካለበት አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ላፕቶፕና አንድ ሁለት ዲስክ ላለው ሰው ኤክስት ፎር ይበቃዋል። ቪዲዮ ቤት፣ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም የካሜራ ጥበቃ ቅጂ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን ኤክስ ኤፍ ኤስን ውሰዱ። ዋጋው ነፃ ነው።