የልጄ የዘረመል ምርመራ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ በየጊዜው ድንገት እያዞራት ስትንገዳገድ ሐኪሟ እዚህ ላከችን። መርፌ የለም፤ ምራቅ ብቻ ነው የሚወስዱት። ካክና-1ኤ የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ተገኘ።

የዘረመል አማካሪዋን በጣም ወደድኳት። ሥዕል እየሣለች አስረዳችን፦ ጂኑ ክሮሞዞም 19 ላይ ነው፤ ካልሲየም ወደ ነርቭ ሴል የሚገባበትን በር ዋና ክፍል ያሠራል። ግማሽ አካልን የሚያደክም ማይግሬንም ከዚሁ ጂን ሊመጣ ይችላል። ይሄኔ ባለቤቴ የእህቱን ሕመም አነሳ። ለውጡ ሊወረስ ስለሚችል እኛም እንድንመረመር መከረችን።

ሐኪሟ አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት ጀመረችላት፤ መንገዳገዱ በጣም ቀንሷል፣ ተመስገን!

አስተርጓሚው ግን በስልክ ነበር፤ ድምፁ እየተቆራረጠ አስጨነቀኝ። ለእንዲህ ያለ ወሬ ሰው በአካል መቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።