የዲፈረንሺያል ዘይት ለደሴና ለኮምቦልቻ መኪኖች፦ የትኛውን እንግዛ? የትስ እናስቀይር?

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚወጣና የሚወርድ መኪና ባለቤት ስለ ሞተር ዘይት ሲጠየቅ አይቸገርም። መቼ እንደተቀየረ፣ ምን ዓይነት እንደገባ፣ ስንት ብር እንደወጣበት ይናገራል። ስለ ዲፈረንሺያል ዘይት ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ይህ ክፍል በአብዛኞቹ ቀላል መኪኖች ላይ የሚሠራው በሁለት ወይም በሦስት ሊትር ዘይት ነው። ይህም ዘይት የሚታወሰው ከኋላ ጩኸት መሰማት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ጥርሶቹ ተበልተው ከሆነ አዲስ ዘይት የሚመልሰው ነገር የለም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ ሃይሉክስ ወይም ሃይስ፣ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በጊዜው የሚቀየር ጥሩ ሚኒራል 80ደብልዩ-90 ጂኤል-5 ዘይት፣ ዋጋው ስለተወደደ ብቻ ሳይቀየር ከሚከርም ሲንተቲክ ይበልጣል። 80ደብልዩ-90 የዘይቱ ውፍረት፣ ጂኤል-5 ደግሞ ጫና የመቋቋም ደረጃው ነው፤ ሚኒራል ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ፣ ሲንተቲክ በፋብሪካ የተቀነባበረ ዘይት ነው። ከዚህ የሚለዩ መኪኖች አሉ፤ ወደ እነርሱ እመጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን መኪናዎ ለብቻው የሚቀየር የዲፈረንሺያል ዘይት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ቪትዝ፣ ያሪስና ሌሎች በፊት ጎማ የሚጎተቱ ትናንሽ መኪኖች ዲፈረንሺያላቸው በአብዛኛው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ለእነዚህ የሚገዛው ለካምቢዮው የታዘዘው ዘይት ብቻ ነው። ሃይሉክስ፣ ሃይስ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ ኤንፒአር ግን ከኋላ የራሱ ዘይት ያለው ዲፈረንሺያል አላቸው። አራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ የፊተኛውም አለ፤ የኋላውን ቀይሮ የፊቱን መርሳት የተለመደ ነው።

ዘይት መቀየር ለመኪናው ጉልበት ይጨምር እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። የሞተሩን የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። አዲስና ትክክለኛ ውፍረት ያለው ዘይት በማርሾቹ መካከል በሰበቃ የሚባክነውን ጥቂት ጉልበት ይቀንሳል፣ ሙቀቱን ያበርዳል፣ የማርሾቹንና የኩሽኔታዎቹን ዕድሜ ያራዝማል። መኪናው ሐረጎን በሌላ ማርሽ ይወጣል ብሎ የሚሸጥልዎት ካለ አይመኑት።

ጂኤል-4 ወይስ ጂኤል-5?

ገዢ ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ገብተን «የካምቢዮ ዘይት» ስንል ሻጩ ከሁለቱ አንዱን ያነሣል፤ የጣሳዎቹ መልክም ሆነ ከፊት የተጻፈው 80ደብልዩ-90 አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ፊደላት ነው።

መካኒኮች ኮሮናና ፒኞን የሚሏቸው የዲፈረንሺያሉ ሁለት ትልልቅ ማርሾች ጥርሳቸው እርስ በርሱ የሚገፋ ብቻ ሳይሆን የሚንሸራተትም ነው። ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ስለሚገጠም በእያንዳንዱ ዙር ብረት በብረት ላይ በከባድ ጫና ይሳባል። ተራ ዘይት በዚህ ጫና ተጨፍልቆ ይወጣል። ጂኤል-5 ዘይት ውስጥ የሰልፈርና የፎስፎረስ ቅመሞች በብዛት አሉ፤ ጥርሱ ሲግል ከብረቱ ጋር ተዋህደው ቀጭን መከላከያ ሽፋን ይሠራሉ። የዘይቱ የሚከረፋ ሽታም ከሰልፈሩ የመጣ ነው። ጂኤል-4 ውስጥ ይህ ቅመም ያነሰ ነው፤ ለካምቢዮ ይበቃል፣ ለዚህ ዓይነት ዲፈረንሺያል ግን አይበቃም። በተቃራኒው ደግሞ ጂኤል-5ን ጂኤል-4 በታዘዘለት ካምቢዮ ውስጥ መጨመር በውስጡ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ጣሳ ገዝቶ መገላገል ቁጠባ አይደለም።

በታወቁት ስሞች ልዩነቱ በፊደል ይለያል። የሼል ስፓይራክስ ኤስ2 ኤ 80ደብልዩ-90 ጂኤል-5 ሲሆን፣ ኤስ2 ጂ የተባለው ጂኤል-4 ነው። ከሞቢል በኩልም ሞቢሉብ ኤችዲ ጂኤል-5፣ ሞቢሉብ ጂኤክስ ጂኤል-4 ናቸው። ስሙን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ የጣሳውን ጀርባ ያንብቡ።

ውፍረቱስ?

በገበያው የሚነጻጸሩት ሦስቱ ናቸው፦ 75ደብልዩ-90፣ 80ደብልዩ-90 እና 85ደብልዩ-140። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ መለኪያው ለ75 ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ ለ80 ከዜሮ በታች 26፣ ለ85 ከዜሮ በታች 12 ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንና የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋቷ ቢያንዘፈዝፍም፣ ከእነዚህ ቁጥሮች አጠገብ አትደርስም። ስለዚህ «ለደሴ ብርድ 75 ያስፈልጋል» የሚለው ምክር ውኃ አያነሣም።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሲግል የሚኖረው ውፍረት ነው። 75ደብልዩ-90 እና 80ደብልዩ-90 በዚህ ረገድ አንድ መደብ ናቸው። 140 ግን በጣም ይወፍራል። ኮምቦልቻ ላይ ጭኖ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ አይሱዙ፣ መመሪያው ለሞቃት አካባቢ 140ን ከፈቀደ፣ 85ደብልዩ-140 ቢገዛለት ተገቢ ነው፤ በከባድ ጭነትና በሙቀት ውስጥ ሽፋኑ ቶሎ አይሳሳም። ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሸዋ በር ለሚል ቀላል መኪና ግን ያው 140 ጭነት ነው። ጠዋት ጠዋት ማርሾቹ ወፍራሙን ዘይት ሲያማስሉ ነዳጅ ይበላል። «ወፍራም ከሆነ ይጠብቃል» የሚለው እምነት በብዛት የሚመጣው ጩኸት ለመደበቅ ከሚፈልግ ሰው ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሉ ዲፈረንሺያሉ ውስጥ 140 እንደተጨመረ ከሰሙ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሚኒራል ወይስ ሲንተቲክ?

ሲንተቲክ የተሻለ ዘይት መሆኑን አልክድም። ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም፣ ውፍረቱ በብርድና በሙቀት መካከል ብዙ አይዋዥቅም፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። አምራቹ ያዘዘው እርሱን ከሆነ ክርክር የለም። ችግሩ የኛ መንገድ ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልት ወጥቶ ወንዝ የሚሻገር መኪና፣ የጋለው ዲፈረንሺያል በድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው ወይም ባረጀ የዘይት መያዣ ጎማ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውኃ ከገባ ውዱም ርካሹም ዘይት ይበላሻል፤ ሁለቱም ወዲያው መቀየር አለባቸው። እንዲህ ላለ መኪና ሁለት ጊዜ የሚቀየር ሚኒራል፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ረጅም ዕድሜ ከሚጠበቅበት ሲንተቲክ የተሻለ ምርጫ ነው። አስፋልት ሳይለቅ ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ባለቤት ግን በሲንተቲኩ ገንዘቡን ይመልሳል።

አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። አንዳንድ መኪኖች ኤልኤስዲ የሚባል፣ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሺያል አላቸው። ለእነርሱ ጣሳው ላይ «ኤልኤስ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ይገዛል። ተራው ከገባ በጠባብ መታጠፊያ ላይ መኪናው ከኋላ ይንቀጠቀጣል።

ከበርሜል በሊትር ስለሚቀዳው ዘይት ብዙ አልልም፦ በርሜሉን ካላዩ፣ ጽሑፉንም ካላነበቡ አይግዙ። የታሸገው ይወደዳል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ሁለት ሦስት ሊትር ስለሆነ ልዩነቱ ከአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በቤት ወይስ በጋራዥ?

ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ከመሬት ከፍ ያሉ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ ያለ ክሪክ ይሠራሉ፤ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ግን ግድ ነው። ጦሳ ሥር ባለ ዳገታማ ግቢ የቆመ መኪና የዘይቱን ልክ በትክክል አያሳይም። የኮምቦልቻ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ሃይስ ዝቅ ያለ ነው፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ማስያዝ ነውና፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሌለዎት ጋራዥ ይውሰዱት።

ዘይቱ ለብ እንዲል ትንሽ ከነዱ በኋላ ሥራው የሚጀምረው ከላይኛው፣ ከመሙያው ቡሎን ነው። የታችኛውን ፈትተው ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ባዶ ዲፈረንሺያል ይዞ ቆመ ማለት ነው። ላይኛው መፈታቱ ሲረጋገጥ የታችኛው ይፈታል። የብዙ መኪኖች የማፍሰሻ ቡሎን ጫፍ ማግኔት አለው፤ ቶሎ አይጥረጉት። በላዩ ላይ የተጠራቀመውን ግራጫ ጭቃ በሁለት ጣት መሐል ይሹት። ልስልስ ብሎ ከተቀባ የተለመደ የብረት ብናኝ ነው፤ የሚቆረቁር ስባሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ከተገኘ ግን አዲሱን ዘይት ሳይጨምሩ ባለሙያ ይጥሩ። የወጣው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ አለበት፤ መተንፈሻው ይታይ።

የታችኛው ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ ይገጠምና ዘይቱ በእጅ ፓምፕ ወይም በቱቦ ከላይኛው ቀዳዳ ይሞላል። በአብዛኞቹ መኪኖች ልኩ ዘይቱ ከቀዳዳው ጠርዝ ደርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው።

ጋራዥ የሚመረጠው መሣሪያ ለሌለው፣ ቡሎኑ ለተበላበት፣ ወይም ጩኸት ለጀመረ መኪና ነው። ሲሄዱ ዘይቱን ራስዎ ገዝተው ይሂዱ፤ ሲፈስም አጠገቡ ቆመው ማግኔቱን ይዩ። አንዳንድ ቦታ ሳይፈስ ከላይ ብቻ ይሞላና ተቀየረ ይባላል። በቤት መሥራት ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፦ ከውስጥ የወጣውን በዓይንዎ ያያሉ።

አሮጌው ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ተይዞ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ይሰጥ፤ በጓሮ ወይም በቦይ የፈሰሰ ዘይት ዝናብ ሲመጣ መጨረሻው ቦርከና ነው። ሥራው እንዳለቀ ሁለቱን ቡሎኖች በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና እስከ ቦሩ ሜዳ ነድተው ሲመለሱ በእጅዎ ይዳስሷቸው። እርጥበት ካለ ሮንዴላው በደንብ አልተቀመጠም፤ ቡሎኑን በኃይል ከማጥበቅ ሮንዴላውን መለወጥ ይሻላል።