ቮልስ ያላችሁ፣ "ሁሉንም በአንድ ቁልፍ አደርግልሃለሁ" የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ሰላም ቤተሰብ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው ፊደል ብስት እለፉኝ። የአባቴ ቮልስ አለችኝ፣ በፈረንጅ 1972 ሞዴል፣ የቀኝ በሯና ቁልፉ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፣ የግራው በአንድ ወቅት ተቀይሯል፣ የሞተር ማስነሻውም እንደዛው፣ እና ሶስት ቁልፍ ተሸክሜ ነው የምዞረው። ሰለቸኝ። በሰው በሰው አንድ ቁልፍ ሰራተኛ አገኘሁና ሁለቱም በር በማስነሻው ቁልፍ እንዲከፈት 6 ሺህ ብር ተስማማን፣ የበሩ ቁልፍ ያለው እጀታው ውስጥ ስለሆነ እጀታዎቹን ፈትቶ "ማሽኑ ሱቅ ነው ያለው" ብሎ ይዟቸው ሄደ፣ በማግስቱ መልሶ ገጠመ፣ ሞከርኩት፣ እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው። ደስ ብሎኝ የሻይ ብዬ እላዩ ላይ ጨምሬለታለሁ እንግዲህ ሞኝነቴን እዩልኝ።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ልጄ ለመጫወቻ የሰጠኋትን የድሮውን የግራ በር ቁልፍ ሰክታ በሩን ክፍት! ተቀየረ በተባለው ቁልፍ እኮ ነው። የጓደኛዬን ቮልስ ቁልፍ ሞከርኩ፣ ከፈተ። ትንሽ ካቻቢቴ አስገባሁ፣ እሱም ከፈተ።

ራሴ ፈታሁት። አሰራሩ ከባድ አይደለም፣ ቁልፉ የሚገባበት በርሜል ውስጥ ስስ የነሐስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ትንሽዬ ሞላ አላቸው፣ ቁልፍ ከሌለ ሞላው ወደ ውጪ ይገፋቸውና በርሜሉ አይዞርም፣ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ግን ሁሉም እኩል ገብተው ይለሰልሳል። በደንብ የሚሰራ ሰው እነዚህን ቅጠሎች አውጥቶ ለአዲሱ ቁልፍ ጥርስ በሚስማማ ቅደም ተከተል መልሶ ይደረድራል፣ የጎደለውን ከሌላ አሮጌ ቁልፍ ያመጣል። የኔው ሰውዬ አልገጥም ያሉትን አውጥቶ ጥሏቸዋል። ግራው ውስጥ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱንም በሞረድ በልቷቸዋል፣ ሌላው ቦታ ባዶውን ነው። እንደ ቅቤ የዞረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ይሄስ ይሁን፣ የቀኙ እጀታ ጭራሽ የኔ አይደለም! የኔው ላይ ከአባቴ ቁልፍ ጋር አንድ አይነት ኮድ ተመትቶበት ነበር፣ በእሱ ኮድ ቁልፍ ቢጠፋ እንኳን እንደገና ማስቀረጽ ይቻላል፣ አሁን ያለው ምንም የለውም፣ ሲይዙት ቅልል ያለ አዲስ ኮፒ ነው። ጀርመን ይቺን መኪና መገጣጠም ያቆመችው በፈረንጅ 1978 ነው፣ የመጨረሻዋም በፈረንጅ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ነው የወጣችው፣ ስለዚህ የዛ ዘመን ኦሪጅናል እጀታ ሼልፍ ላይ ተደርድሮ አይጠብቃችሁም። ጃንሆይን በኛ አቆጣጠር በ67 ከቤተ መንግስት በቮልስ ይዘዋቸው በሄዱበት ጊዜ አካባቢ የተሰራ ዕቃ ነው እኮ። ሰውዬው 6 ሺዋን ሳይሆን እጀታዋን ነው የፈለጋት ብዬ እጠረጥራለሁ። ስደውልለት "ወንድሜ የድሮ መኪና ነው፣ ምን ትጠብቃለህ" አለኝ፣ ከዛ በኋላ ስልክ አያነሳም።

እና የምታሰሩ ሰዎች፣ እጀታው ከአይናችሁ እንዳይርቅ፣ "ሱቅ ወስጄ" ካለ አብራችሁ ሂዱ። ሳይፈታ ፎቶ አንሱት፣ ኮዱም እንዲታይ። ሲጨርስ ገና መኪናው ላይ ሳይገጥመው በርሜሉን አውጣና አሳየኝ በሉት፣ ግን ቁልፉ እንደገባ ይውጣ አለዚያ ቅጠሉና ሞላው ይበተናል፣ ቁልፉ ገብቶ ሁሉም ቅጠል ከበርሜሉ እኩል መሆን አለበት፣ ቅጠሎቹ እንዳይበተኑ በጣት ደገፍ አድርጋችሁ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ደግሞ ሁሉም ብቅ ማለት አለባቸው፣ ባዶ ቦታ ካያችሁ ብር እንዳትከፍሉ። የድሮውን ቁልፍም አትጣሉ፣ መሞከሪያ ነው።

አሁን ማታ ማታ መኪናዋን ግቢ አስገብቼ ነው የምተኛው። ሱማሌ ተራ የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ኮድ የተመታበት የቀኝ በር የቮልስ እጀታ ሲሸጥ ካያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የአባቴ ቁልፍ እጄ ላይ ስላለ የኔ መሆኑን እዛው አወዳድሬ አረጋግጣለሁ።