ዘይት ለሚበላ ሞተር የቱ ይሻላል? እየጨመሩ መንዳት፣ ጎሚኒ፣ ፋሻ ወይስ ያገለገለ ሞተር

አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዱት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ሞተሩ ዘይት የሚበላበት ሰው "ሸጬ ሌላ እገዛለሁ" ማለት እንደ ድሮው አይቀለውም። ያለውን ይዞ መላ መፈለግ አለበት። የመላው ዋጋ ደግሞ ከአንድ ሊትር ዘይት ጀምሮ እስከ ሙሉ ሞተር ይደርሳል፤ በመካከል ጎሚኒ (የቫልቭ ጎማ) እና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቀየር አለ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ሳይታወቅ ሞተር ሲፈታ ነው። ቀጥሎ ያለው ንጽጽርም የሚጠቅመው መጀመሪያ ለለካ ሰው ነው።

ስንት ይበላል?

መኪናውን ሜዳ ቦታ ያቁሙ። ሞተሩን አጥፍተው ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይዩት። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች በመለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ይፈቅዳሉ። ይህ ለአምራቹ የሚመች ልክ ነው። እኔ ግማሽ ሊትር ካለፈ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሞተሩ "በላ" ከመባሉ በፊት አለማፍሰሱንም ያረጋግጡ። የቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ እና ፓራዮሊዎቹ (ዘይት የሚያግዱ ጎማዎች) ሲደርቁ ዘይት ወደ ውጭ ይወጣል፤ እየነዱ ስለሚንጠባጠብ ግቢ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ፒሲቪ የምትባለውን ትንሽ ቫልቭም አስፈትተው ያስዩ። እሷ ስትበላሽ ሞተሩ ዘይቱን በአየር ማስገቢያው በኩል ይስባል። የእሷ ዋጋ ሌሎቹ ጥገናዎች አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው፤ ሆኖም ብዙ ጋራዥ ቀድሞ አያያትም።

እየጨመሩ መንዳት

ብዙ ሰው እንደ ስንፍና ያየዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳና በዚያ ርቀት ግማሽ ሊትር የሚያጣ ሰው በዓመት 6 ሊትር ይጨምራል። ቪትዝና ያሪስ ላይ የሚገኘው 1ኤንዜድ (1NZ) የሚባለው ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ የዓመቱ ጉዳት ከሁለት ጊዜ የዘይት ቅያሪ እንኳን ያንሳል። ለዚህ ያህል ፍጆታ ሞተር ማስፈታት ገንዘብ መጣል ነው።

አደጋው መርሳት ነው። የዘይት መብራት የሚበራው ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ ያኔ ብሮንዚኖቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች) እየተጎዱ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ኮፈን መክፈት የማይሆንለት ሰው ይህን አይምረጥ። የራይድ ሹፌር ከሆኑም ሒሳቡ ይገለበጣል። በወር 3,000 ኪሎ ሜትር እየነዱ በየ1,000ው 1 ሊትር ቢያጡ በዓመት 36 ሊትር ይሆናል። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል፣ የጭስ ማጣሪያውም ይደፈናል። እዚህ ላይ ጥገናው ወጪውን ይመልሳል።

ወፍራም ዘይትና የጠርሙስ መድኃኒት

እዚህ ብዙ አልቆይም። ከ5ደብልዩ30 ወደ ወፍራሙ 10ደብልዩ40 መሸጋገር ለአሮጌ ሞተር ምክንያታዊ ነው፤ ፍጆታውን በመጠኑ ይቀንሳል። 20ደብልዩ50 ግን መመሪያው ካልፈቀደ አልመክርም። በብርድ ጠዋት ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፣ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ በሚያስተካክለው በቪቪቲ ሲስተሙ ጠባብ ቀዳዳዎችም እንደልቡ አያልፍም። "ዘይት መብላት ያቆማል" ተብለው ከሚሸጡት ጠርሙሶች አብዛኞቹ ዘይቱን ከማወፈር የዘለለ ሥራ የላቸውም። የደረቀ ጎማ የሚያለሰልሱም አሉ፤ እነሱ ትንሽ ሊረዱ ይችላሉ። ፋሻን ወይም የተበላ ሲሊንደርን የሚጠግን ፈሳሽ ግን የለም። መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው እነዚህን እንደሚወዳቸው ገዢ ሆኖ የሚያነበኝ ይወቅ።

የባልቦላ (የቫልቭ) ጎሚኒ

በየቫልቩ አንገት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የጎማ ቆብ ናት። ስትደርቅ ዘይት እየሾለከ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይወርዳል። ምልክቷ ግልጽ ነው፦ መኪናው አድሮ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ይልና ይጠፋል። ሌላው መፈተኛ ከእንጦጦ ቁልቁል ነዳጅ ሳይሰጡ በማርሽ መውረድና ታች ሲደርሱ ነዳጅ ረገጥ ማድረግ ነው። በዚያች ቅጽበት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ መጀመሪያ ጎሚኒውን ይጠርጥሩ።

ጥሩ መካኒክ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴስታታውን ሳያወርድ ይቀይራታል። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ቫልቮቹ እንዳይወድቁ ይይዛቸዋል። ስለዚህ "ቴስታታ መውረድ አለበት" ከተባሉ ለምን ብለው ይጠይቁ። ምልክቱ ወደ ጎሚኒ የሚያመለክት ከሆነ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ጥገና ይሄ ነው።

ፋሻ

ሽቅብ ሲወጡና ነዳጅ ሲሰጡ ጭሱ ያለማቋረጥ ከተከተለዎት ጉዳዩ ፋሻ ሳይሆን አይቀርም። ጋራዡ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) ልለካ ይላል። ይለካ፤ ቁጥሩን ሲያነቡ ግን ሁለት ነገር ያስቡ።

አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ጤነኛ ሞተር እንኳን እዚህ የሚያሳየው በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መመሪያው ለ1ኤንዜድ 15 ባር ገደማ ካለ፣ እዚህ 11 ወይም 12 ማየት አያስደነግጥም። "ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ሞተሩ ይፈታ" ሲባሉ ይህን ያንሱ። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ትንሽ ዘይት ጨምረውበት እንደገና ይለካ። ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው፤ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፕሬሽን ጥሩ ሆኖም ሞተር ዘይት ሊበላ ይችላል። ፒስተኑ ላይ ሦስት ፋሻ አለ። ሁለቱ የላይኞቹ ኮምፕሬሽን ይይዛሉ፣ የታችኛው ዘይት ይጠርጋል። የታችኛው በካርቦን ሲጣበቅ የላይኞቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንዲህ ከሆነ ሞተር ከመፍታት በፊት ጥሩ ዘይት ሞልቶ ከወትሮው ቀደም ብሎ ደጋግሞ መቀየር መሞከር ይገባዋል። አንዳንዴ ይለቃል።

የሚፈታ ከሆነም ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም ሲሊንደሩ ካልተለካ ቁማር ነው። ሲሊንደሩ ሞላላ ከሆነ አዲሱ ፋሻ አይገጥምም፤ ሬክቲፊካ (ሲሊንደር የሚሞረድበት ቤት) ገብቶ በትልቅ ፒስተን መሠራት አለበት። በ2000 እና በ2002 መካከል (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የተሠራ 1ዜድዜድ ሞተር ያለው ኮሮላ ከያዙ ደግሞ ችግሩ ፒስተኑ ላይ ነው። የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። ቶዮታ ከዚያ በኋላ አሻሽሏቸዋል። በድሮው ፒስተን ላይ አዲስ ፋሻ ቢገባ ያው ይደገማል። 2.4 ሊትሩ 2ኤዜድ ሞተርም ዘይት በመብላት የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ በነጻ ጥገና ከሸፈናቸው መካከል የ2007 እስከ 2009 ሞዴል ካምሪዎች ነበሩ። 

ያገለገለ ሞተር

ሶማሌ ተራ ከጃፓን ወይም ከዱባይ የመጣ ሞተር ይገኛል። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ መኪናው ጋራዥ ውስጥ አይከርምም። ሲሊንደሩ ከተጎዳና ኮሎውም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ከተነካ፣ ሬክቲፊካ፣ ፒስተን፣ ብሮንዚንና የእጅ ዋጋ ሲደመሩ ያገለገለው ሞተር ሊረክስ ይችላል። ሲሊንደሩ ጤነኛ ከሆነ ግን እኔ የራሴን ሞተር አሠራለሁ። ቢያንስ ታሪኩን አውቀዋለሁ።

ለመግዛት ከወሰኑ የዘይት ክዳኑን ከፍተው ውስጡን ይዩ፤ ጥቁር ጭቃ ካለ ይተዉት። ካንዴላዎቹ ይውጡ፤ ዘይት የለበሱ ከሆኑ ያመለጡትን በሽታ እየገዙ ነው። ኮምፕሬሽኑም ከመክፈልዎ በፊት ይለካ፣ ከተቻለ ተነስቶ ድምፁ ይሰማ። የሻጭ ጋራንቲ በቃል ብቻ ከሆነ እንደሌለ ይቁጠሩት። ሞተሩ ገና ውጭ እያለም የኋላ ፓራዮሊው በአዲስ ይቀየር፤ በኋላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ማስወረድ ሌላ ወጪ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ሊብሬው ነው። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሞተሩን ቀይረው ቁጥሩን ካላስለወጡ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ወይም ሲሸጡ ይያዛሉ። ደረሰኙንና የጉምሩክ ሰነዱን ሳይቀበሉ ገንዘብ አይስጡ። ሻጩ "ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ" ካለ ሞተሩንም ነገ ይግዙት።