ከጥፍር የማትበልጥ ዕቃ ፍለጋ፦ የ«ናኖ» ጂኦካሽ ግምገማ

በሲያትል የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ትልቅ ነው፤ ጂኦካሺንግ የተባለውን በጂፒኤስ የሚመራ የዕቃ ፍለጋ ጨዋታ የሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ከማውቃቸው ወገኖች መካከል ጨዋታውን የሞከሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከጨዋታው ዕቃዎች ሁሉ ትንሿን፣ ፈላጊዎች «ናኖ» የሚሏትን ባለማግኔት መያዣ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ናኖ ታስቦባት ስትደበቅ ከጨዋታው ሁሉ የላቀውን ደስታ ትሰጣለች፤ እንዲሁ ተለጥፋ ስትተው ግን የሰውን ጊዜ ከመብላት በቀር ፋይዳ የላትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ትንሽ መዝገብ የያዘ መያዣ ሰው ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ፈላጊው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ሲያገኘው በመዝገቡ ላይ ፈርሞ ዕቃውን በነበረበት ይመልሳል። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን መዛነፍ ባነሣ ማግስት ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት በቢቨርክሪክ አቅራቢያ የመጀመሪያውን ዕቃ ደበቀ። ያ ዕቃ ባልዲ እንደነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ቢስት እንኳ ባልዲ ከዓይን አያመልጥም።

ናኖ ግን ሌላ ነገር ናት። ወርዷ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ከታች ማግኔት፣ ከላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ክዳን፣ በመካከሉም ቀጭን የጎማ ቀለበት ያላት የብረት ቁራጭ ናት። በውስጧ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ወረቀት ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይሰፋ ሪባን ስለሆነ ከስም መነሻ ፊደላትና ከቀን ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እስክሪብቶም ከውስጧ አይገኝም፤ ፈላጊው የራሱን ይዞ መሄድ አለበት። ወረቀቱን ማውጣት ቀላል ሲሆን መልሶ ማስገባቱ ግን ፈተና ነው፤ ጣት ላይ የተጠቀለለው ሁሉ ክዳኑን ለማንሣት እጅ ሲዘረጋ ተመልሶ ይፈታል። ለዚህ መፍትሔው ቀጭን ወረንጦ ነው፤ የወረቀቱን ጫፍ ነክሶ በራሱ ዙሪያ አጥብቆ ስለሚጠቀልለው ወረቀቱ ሳይቀደድ ወደ ቦታው ይገባል።

በድረ ገጹ የመጠን ዝርዝር ውስጥ ናኖ የራሷ መደብ የላትም። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሚይዘው ሁሉ «ማይክሮ» ተብሎ በአንድነት ስለሚመዘገብ፣ የድሮ የፎቶግራፍ ፊልም ቆርቆሮ የሚያክለውም የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለውም በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህ እንዲስተካከል አጥብቄ እመኛለሁ፤ ፈላጊው ምን የሚያክል ዕቃ እንደሚፈልግ ሳያውቅ መነሣቱ ከጨዋታው ጥበብ የሚመጣ ችግር ሳይሆን ከአመዳደቡ የሚመጣ ነውና።

ዋናው ፈተና ያለው በኬክሮስና ኬንትሮሱ ቁጥር ውስጥ ነው። ስልክ በጠራ ሰማይ ሥር ቆሞ እንኳ ቦታውን በአምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ አምስት ሜትር በየአቅጣጫው ማለት ደግሞ 78 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ማሰስ ማለት ነው። ቦታውን የመዘገበው ደባቂም የተጠቀመው ተመሳሳይ መሣሪያ ስለሆነ ሁለቱ መዛነፎች ሊደመሩ ይችላሉ። ቁጥሩ የሚጻፈው በዲግሪና እስከ ሦስት አሥርዮሽ በሚደርስ ደቂቃ (የዲግሪ ስልሳኛ ክፍል) ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ብትለወጥ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ርቀት ትወስዳለች። ረጃጅም ሕንፃዎች ባሉበት የሳተላይቱ ምልክት ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ በስልኩ ላይ አቅጣጫ የሚያመለክተው ቀስት ሲዋዥቅ ይታያል፤ ናኖ ደግሞ የምትለጠፈው ብረት ላይ ስለሆነ በአቅራቢያዋ ያለው ብረት የስልኩን ኮምፓስ ያዛባዋል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በስልክ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ስልኩን ኪስ ከትቶ «እኔ ብሆን ኖሮ የት እደብቃት ነበር?» ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ጨዋታው ወደ ውድ ልጅነቴ እንቆቅልሽ የሚቀርበው በዚህ ጊዜ ነው። «ምን አውቅልሽ» ያለ ሰው መልሱ ሲጠፋው አገር ሰጥቶ ይሰማል እንጂ ጠያቂው ባልተገባ ጥያቄ አያታልለውም፤ ጥያቄው ውስጥ መልሱ አለ። በጂኦካሺንግም ደባቂው የሚሰጣት አጭር ፍንጭ አለች፤ የችግሩን መጠንም ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ያሳውቃል። ናኖ ደብቆ ደረጃዋን 1.5 ያደረገ፣ ፍንጩንም «ማግኔት» ብሎ ብቻ የተወ ሰው፣ ብረት በሞላበት ስፍራ ለፈላጊው ምንም አልነገረውም።

ጥሩዋ ምን እንደምትመስል አንዲቱን ልግለጽ፤ የሌሎችን ደስታ እንዳልቀማ ቦታዋን አልናገርም። በሐይቅ ዳር አንድ የብረት አግዳሚ ወንበር አለ። የወንበሩ እግሮች በትልልቅ ብሎኖች የታሰሩ ሲሆኑ፣ ፍንጩ የሚለው «ከወንድሞቿ አንዷ አትሠራም» ነበር። በጉልበት ተንበርክኮ ሲያዩአቸው ብሎኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ነገር ግን ከዝናቡ የተነሣ በሁሉም ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን የዝገት መስመር ሲወጣ በአንዷ ዙሪያ አልወጣም። ጥፍር ከሥሯ ሲገባ ማግኔቱ ለቀቀና ብሎን የመሰለችው ነገር መዳፍ ላይ ወደቀች። ጂፒኤሱ የመራው እስከ ወንበሩ ድረስ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሠራው የደባቂው ዐረፍተ ነገር ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያሉት ያሳዝናሉ። በሲያትል የክረምት ዝናብ የጎማ ቀለበቷ ያረጀ ናኖ ውኃ ስታስገባ ወረቀቱ ሊጥ ሆኖ ስለሚጠብቅ የሚፈረምበት አይገኝም። ደባቂው ዕቃውን እየተመለሰ የመጠበቅ ግዴታ ቢኖርበትም ለወራት ዘወር ብሎ የማያይ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዋናዋን ያጣ ፈላጊ ሌላ ናኖ አምጥቶ ለጥፎ «አገኘሁ» ብሎ ሲመዘግብ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሰዎች ዋናዋን ትተው የእርሱን ይፈርማሉ፣ ዋናዋ ጠፍታ ይሁን አሁንም በቦታዋ ትኑር የሚለይበትም መንገድ ይጠፋል። «አላገኘሁም» ብሎ በሐቅ መመዝገብ ለደባቂውም ለተከታዩም የሚጠቅም መረጃ ነው።

ሌላም ሳይነገር የማያልፍ ጉዳይ አለ። አንድ ጥቁር ሰው የመንገድ ዳር የብረት አጥርን ወይም የመብራት ምሰሶን ሥር በእጁ እየዳሰሰ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሚያየው ጎረቤት ሊጠራጠር ይችላል፤ ይህንን ሥጋት ብዙዎቻችን በደንብ እናውቀዋለን። በመኖሪያ ቤቶች መካከል፣ በባንክ ወይም በመንግሥት ሕንፃ አጠገብ ያለችውን ናኖ፣ ደረጃዋ ምንም ቢሆን፣ ፈላጊው እንዲተዋት እመክራለሁ፤ ይልቁንም በሕዝብ መናፈሻ፣ በቀን ብርሃን፣ ከተቻለም ከልጆች ጋር መሄድ ይበጃል። ልጆች ዓይናቸው ለአግዳሚው የታችኛው ክፍል ቅርብ ስለሆነ ከአዋቂ ይቀድማሉ።

ለጀማሪ ቤተሰብ ናኖን የመጀመሪያ ፍለጋ አላደርግም። ትንሽ ስጦታ መለዋወጥ የሚቻልበት ሳጥን መጠን ያለው ዕቃ በጫካ መንገድ ላይ ማግኘት ለልጅ የበለጠ ያስደስታል፤ ናኖ ውስጥ ከወረቀት በቀር የሚገባ ነገር የለም። በመተግበሪያው መሠረታዊ አባልነት ነፃ ሲሆን አንዳንድ ዕቃዎች የሚታዩት ለሚከፍሉ አባላት ብቻ ነው፤ ለመጀመር ግን ነፃው ይበቃል።

ራሱ መደበቅ ለሚፈልግ ደግሞ፦ ከሌላ ጂኦካሽ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ፣ የቦታውን ባለቤት ማስፈቀድና መሬት አለመቆፈር ግዴታ ነው። መያዣዋን ሲገዙ መለዋወጫ የጎማ ቀለበትና ውኃ የማያበላሸው ወረቀት አብሮ መግዛት ይገባል፤ በመግለጫው ውስጥም «ይህቺ ናኖ ናት፣ ወረንጦ ይያዙ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ለፈላጊው ትልቅ ውለታ ነው።