የሌሊቱን ስልክ ማን ያነሳል? እናታችንን ያስታመምንባቸው ሁለት ሆስፒሶች

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ወላጁን የሚያስታምም አበሻ በዝቷል። ቤተ ክርስቲያን ግቢም ለቅሶ ቤትም «እናንተ የትኛውን ሆስፒስ ነበር የያዛችሁት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የታዘብኩትን አንዴ ጽፌ ልገላገል። ሆስፒስ ማለት መዳን የማይጠበቅለትን በሽተኛ ሕመሙን እያስታገሰ እስከ መጨረሻው የሚደግፍ አገልግሎት ነው። እናቴ የልብ ድካም ነበረባት። ያስታመምናት በሁለት ድርጅቶች ሥር ነው። የመጀመሪያውን ብዙም ሳንቆይ ተውነው፤ በሁለተኛው እጅ አረፈች። ስማቸውን አልጠራም። አንዱ ድርጅት በየአካባቢው የተለያየ ቡድን ስላለው፣ ለእኛ የደረሰችን ነርስ ለእናንተ ላትደርስ ትችላለች። ብትይዙ የሚሻላችሁ ጥያቄዎቹን ነው።

ገንዘቡን ላስቀድም፤ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው እሱን ነውና። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለው ሰው ለሆስፒስ የሚከፍለው ከኪሱ ጥቂት ነው፤ ለሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ቢበዛ 5 ዶላር ቢጠየቅ ነው። ሆስፒስ ለመግባት ሁለት ሐኪሞች «በሽታው በያዘው መንገድ ከሄደ ዕድሜው ከ6 ወር አይበልጥም» ብለው መፈረም አለባቸው። 6 ወር አልፎ በሕይወት የቆየም አይባረርም፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ለ90 ለ90 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ እየታየ ይታደሳል። እናቴ ግን እህቴ አስመጥታት በስተርጅና የመጣች ሴት ናት፤ እዚህ አገር አንድም ቀን ተቀጥራ ስላልሠራች የነበራት ሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ ብቻ ነው። የሜሪላንድ ሜዲኬድም ሆስፒስን ይሸፍናል። አንዳንዱ ቢሮ ስትደውሉ ይህን ሲሰማ ድምፁ ይቀዘቅዝባችኋል፤ እሱን ከዝርዝራችሁ ሰርዙት።

የመጀመሪያውን ያገኘነው ሆስፒታል ሳለን ነው። ከሆስፒታል የምታስወጣን ሠራተኛ የድርጅቶች ዝርዝር ሰጠችን፤ ሳናነበው የአንዱ ተወካይ ክፍል ውስጥ ተገኘች። ልብሷ ያማረ፣ አንደበቷ የለዘበ፣ «24 ሰዓት አብረናችሁ ነን» የምትል። እኛ ሰው መጥቶ ቀንና ሌሊት አጠገቧ የሚቀመጥ መሰለን። እንደዚያ አይደለም፤ የትኛውም ሆስፒስ እንደዚያ አያደርግም። ነርስ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ትመጣለች፣ ገላ የምታጥብ ረዳት በተወሰኑ ጠዋቶች ለአንድ ሰዓት ያህል ትመጣለች፤ የቀረው የቤተሰቡ ነው። ሕመሙ ከቁጥጥር ሲወጣ ነርስ ለረጅም ሰዓት የምትቀመጥበት አሠራር አለ፣ ግን ለዚያ ጭንቅ ብቻ ነው። «24 ሰዓት» ማለት ስልኩ ነው። ስለዚህ ስልኩን መርምሩ።

የመጀመሪያው ድርጅት ስልክ ለእኛ እንዲህ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ ብላ ስታጣጥር ደወልን። ያነሳችው መልእክት ተቀባይ ናት፤ የመድኃኒቶቹን ስም እንኳ አታውቅም። «ነርሷ ትደውልላችኋለች» አለችን። ነርሷ ስትደውል ጎሕ ቀዶ ነበር። በዚያው ሳምንት ገላ እንዲያጥብ ወንድ ላኩ። እናቴ እኔን ልጇን እንኳ ነጠላዋን ሳትደርብ የማታስገባ ሴት ናት። በዚህ ላይ አስተርጓሚ ስንጠይቅ ነርሷ ወደ 14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ዞራ «አንቺ ንገሪያት» አለቻት። ልጅ ስለ አያቷ ሞት እንድታስተረጉም! እህቴ እዚያው ላይ በቃኝ አለች።

መቀየር ይቻላል። ሜዲኬርም በእያንዳንዱ የእድሳት ጊዜ አንድ ጊዜ ድርጅት መለወጥን ይፈቅዳል። ወረቀቱን አዲሱ ድርጅት ይጨርስላችኋል። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፦ አዲሱ አልጋና የኦክስጅን ማሽን ቤት ሳይገባ የድሮው እንዳይወጣ። የዕቃ አመላላሾቹ ሰዓት አይገጣጠምም።

ሁለተኛውን የመረጠችው እህቴ ናት፣ አመራረጧም እስካሁን ይደንቀኛል። ሳትፈርም በፊት ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ደወለች። ነርስ አነሳች። «እናቴ የእናንተ ታካሚ አይደለችም፣ ብትሆን ግን በዚህ ሰዓት ትንፋሽ ቢያጥራት ምን ታደርጉ ነበር?» አለቻት። ሴትዮዋ ሳትቆጣ በየትኛው መድኃኒት እንደምትጀምር፣ ካልበረደ ማን እንደሚመጣና ከየት ተነስቶ እንደሚመጣ ነገረቻት። ከዚያ ድርጅቶችን የሚያወዳድረውን የሜዲኬርን «ኬር ኮምፔር» ድረ ገጽ ከፈትን። ለየድርጅቱ የኮከብ ደረጃ አለው፤ ኮከቡን የሚሰጡት ቤተሰቦች ናቸው፤ እኔ ግን ከኮከቡ ይልቅ ልብ ያልኩት ሌላ መስመር ነው፦ በሽተኛው በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) በአካል ሄዳ ጠይቃዋለች ወይ የሚለውን። እዚያ ላይ ድርጅቶቹ በጣም ይለያያሉ።

ስለ ሞርፊን ብዙ ማለት አለብኝ። ጠያቂ የሚመጣ ሰው ሁሉ በር ላይ ይዞኝ «ሞርፊን ጀመራችሁላት? ያፋጥናል እኮ» ይል ነበር። አንዳንዱ የሚናገረው ለእኔ ሲሆን የሚሰማው ግን ለእናቴ ነው። የሁለተኛው ድርጅት ነርስ ሳሎን ገብታ በአስተርጓሚ ስልክ፣ ጠያቂው ሁሉ እየሰማ አስረዳች፦ ይህ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አለው፣ እናንተ የምትሰጧት ሩብ ሚሊ ሊትር ነው፣ 5 ሚሊ ግራም ማለት ነው፣ ሥራውም ሕመም ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ ጭንቀትን ማርገብ ነው። በመርፌ አልባው ስሪንጅ ላይ መስመሩን በቀለም አሰመረችልን። የመጀመሪያውን ራሷ ሰጥታ እናቴ እስክትረጋጋ ድረስ አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ «ያፋጥናል» የሚለው ወሬ ከደጃችን ጠፋ።

ስለ በሽታው ለእናቴ አልነገርናትም ነበር፤ እንደ ባህላችን። ነርሷ ደብቁም ንገሩም አላለችንም። እናቴን ራሷን «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «እሱን ለልጆቼ ንገሪያቸው፤ እኔ ከፈጣሪዬ ጋር ጨርሻለሁ» አለች። እኛ ለወራት የተጨነቅንበት ነገር እንዲህ አለቀ።

ድርጅቱ የራሱ የሃይማኖት አገልጋይ አለው። ሰውዬው የንስሐ አባት እንዳላት ሲሰማ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ አባታችን ቀንዲል ሊያደርሱ ሲመጡም የሕንፃው ጥበቃ መኪናቸውን እንዳያስነሳ ስልክ የደወለው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን እኛ ሁላችን አላሰብነውም፦ የኦክስጅን ማሽን ባለበት ክፍል ጽናም፣ የቡና ከሰልም፣ ጧፍም እሳት ነው። ነርሷ ይህን አይታ ዕጣኑ ሳሎን እንዲሆን፣ በሩም እንዲዘጋ አስተካከለች። የእኛን ቤት ሳታውቅ እንዲህ የምታስብ ነርስ ካገኛችሁ አትልቀቋት።

በመጨረሻው ሌሊት የአምቡላንሱን ቁጥር 911 አልደወልንም፤ እንዳንደውል አስቀድመው አስጠንቅቀውን ነበር። በሆስፒሱ ቁጥር ደወልን፣ ነርሷ መጥታ ማረፏን አረጋገጠች፣ የቀብር አስፈጻሚውንም ጠራችልን። የተረፈውን ሞርፊን ፊታችን ቀላቅላ ልታስወግደው የቡና አተላ አላችሁ ወይ አለች። አበሻ ቤት የቡና አተላ ሲጠፋ!

ጉድለታቸውንም ልናገር። የምታጥባት ረዳት ቶሎ ቶሎ ትለዋወጣለች፤ እናቴ አንዷን ስትለምድ ሌላ ትመጣለች። በስልክ የሚያስተረጉሙት አማርኛ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ መስመሩ እስኪገኝ መጠበቁ ያሰለቻል። ለአስታማሚ ዕረፍት ብለው በሽተኛውን እስከ 5 ቀን ተቋም ውስጥ የሚያቆዩበት አገልግሎት አለ፤ ክፍሉ ግን ከእኛ ሩቅ ስለነበር አልተጠቀምንበትም። ካረፈች በኋላ አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ለሐዘንተኛ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ይደውላሉ። እኛ ዕድርና ለቅሶ ደራሽ ስላለን እኔ ብዙም አልፈለግሁትም፣ እህቴ ግን ታወራቸው ነበር።

ትልቁ ችግራቸው የሳምንቱ መጨረሻ ዕቃ ነው። ዳይፐርና የአልጋ መሸፈኛ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካዘዛችሁ የሚደርሰው ሰኞ ነው። ዓርብ ጠዋት ቁጠሩና እጥፍ አድርጋችሁ እዘዙ።