ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይገዛ ወይ?

ቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ ይገዛ። ኦክሲሜትር የሚባለው ነው፣ በኮቪድ ጊዜ ስሙ በየቤቱ የገባው። በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ይሠራል። ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ይይዝና ትንሽ ቆይቶ ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ አንዱ የልብ ምት፣ ሌላው የደም ኦክስጅን በመቶኛ። እኛ ለእናቴ ነው የገዛነው፣ አሁን ጎረቤቱም እየመጣ ይለካበታል።

አሠራሩ በጣም ደስ ይላል። በአንድ በኩል ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ይለቃል፣ በሌላው በኩል ጣትን አልፎ የመጣውን ይለካል። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ያስቀራል፤ ያልያዘው ተቃራኒውን ያደርጋል። ቁጥሩ ከዚህ ልዩነት ይሰላል። ሐሳቡን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው።

ግን ቁጥሩ የሚናገረው የትንፋሽን ግማሽ ብቻ ነው። ሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች አሉ፤ እዚያ ኦክስጅን ወደ ደም ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከደም ይወጣል። መሣሪያው ሁለተኛውን አያይም። ጤነኛ ከሆናችሁ መሣሪያውን አድርጋችሁ ትንፋሻችሁን ለጥቂት ጊዜ ያዙ፤ ደረታችሁ ተጨንቆ በቃኝ ሲል ቁጥሩ ገና ምንም አላለም። ያስጨነቃችሁ በዋናነት የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ነው።

አስም ሲነሳ ይሄ ነገር ያሳስታል። የአየር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ በተለይ አየሩን ማስወጣት ይከብዳል፣ ሰውነት ግን ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ያካክሳል። እናቴ ደረቷ ሲር ሲር እያለ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ መሣሪያው 94 ሲል አይቻለሁ። ቁጥሩ ደህና ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም! ትንፋሹንም ቁጠሩ፤ አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መጨረስ ካቃተው፣ ወይም በጎድን አጥንቶቹ መሀል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ቁጥሩ የፈለገውን ይበል፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ጤነኛ ሰው ከ95 እስከ 100 ነው ይላል። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ ደህና ሰው 93 ወይም 94 ቢያሳይ አትደንግጡ። (በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን አማካዩን 95.3 ነው ያገኘው፤ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።) ዋናው ሰውዬው ደህና ሲሆን ስንት እንደሚያሳይ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ይታወቃል። ከ90 በታች ከሆነ ግን መጠበቅ የለም።

ሌላው የቆዳ ቀለም ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን ማነስን በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ደጋግሞ እንደሚስት አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። የቀዘቀዘ እጅና ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለምም ያሳስቱታል። እናቴ እንሶስላ ስትሞቅ ለጥንቃቄ ያልተነካውን ጣቷን ነው የምለካው።

ስትገዙ እዚያው ፋርማሲ ውስጥ ሞክሩት። የእጃችሁን የደም ሥር ይዛችሁ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ መሣሪያው ከሚለው ጋር በጣም ከተራራቀ ሌላ ይስጧችሁ።